ሰሙን ሰጥተው ወርቁን የደበቋት ዘፋኝ

ስልኬ ውስጥ አንድ አጭር ቪዲዮ ነበር። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የአጎቴ ልጅ ናት፤ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። የዘመድ ሰርግ መልስ ላይ፣ ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ትዘፍናለች። ዘፈኑ ያን ሰሞን በየታክሲው የሚከፈት ነበር። ላይ ላዩን ሲሰሙት ስለ ቡና ነው፤ ስለ መውቀጥ፣ ስለ ማፍላት። ውስጡ ግን ሌላ ነው። የገባው ገብቶታል።

እሷ አልገባትም ነበር። ትልልቆቹ ግን ገብቷቸው መሳቅ ጀመሩ። ልጅቷ ሳቁ የአድናቆት መስሏት ድምጿን ጨመረች። እነሱም ባሰባቸው። እኔም ሳቅኩ። መሳቅ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ቀረጽኳት። መቅረጽ ብቻ ቢሆንም ጥሩ፤ ቲክቶክ ላይ ለጠፍኩት።

ምን አለፋችሁ፣ ያን ያህል ላይክ በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም። የዘፈኑን ትርጉም ለልጅቷ የነገራት ግን እናቷ አይደለችም፣ እኔም አይደለሁም። ከኮሜንቶቹ ነው የተረዳችው። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም። አጎቴ «ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች» አሉ። እኔም ይቺን ቃል ተንተርሼ ተኛሁ።

ሰሞኑን ግን እንቅልፍ የነሳችኝ ሌላ ልጅ ተገኘች። ፈረንሳዊት ናት።

ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ዩቲዩብ አንዱን ቪዲዮ በሌላው እያስከተለ ሲያመጣልኝ ነው ያገኘኋት። ያረጀ የቴሌቪዥን ቪዲዮ ነው። ፀጉሯ ወርቃማ የሆነ፣ ፊቷ ገና የልጅነት ለዛው ያልጠፋ ኮረዳ ስለ ሎሊፖፕ ትዘፍናለች። ዙሪያዋን ሎሊፖፕ የሚልሱ ሴቶች አሉ። እሷ በቅንነት ፈገግ ትላለች። ነገሩ ስላልጣመኝ ስለ ልጅቷ ማንበብ ጀመርኩ፤ እስኪነጋ ድረስ አልተኛሁም።

ፍራንስ ጋል ትባላለች። ስሟን ባታውቁት እንኳ ዜማዋ ጆሯችሁ ሳይደርስ አልቀረም። በ1987 የወጣውን «ኤላ ኤል ላ» የተባለ ዘፈኗን በ2008 ቤልጂየማዊቷ ኬት ራያን እንደገና ዘፍናው በየጭፈራ ቤቱ ዞሯል። የኩዌንቲን ታራንቲኖን «ዴዝ ፕሩፍ» ፊልም ያያችሁ ደግሞ መዝጊያው ላይ የሰማችሁት «ቺክ ሃቢት» የእሷ የ1964 ዘፈን የእንግሊዝኛ ቅጂ ነው። (እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

ስም እንኳ ያልመረጠች ልጅ

የተወለደችው ፓሪስ ውስጥ ኦክቶበር 9 ቀን 1947 ነው። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ኢዛቤል ነበር። አባቷ ሮቤር ጋል የዘፈን ግጥም ጸሐፊ ነው፤ ለኤዲት ፒያፍ ጽፏል፣ ሻርል አዝናቩር የተጫወተውን «ላ ማማ»ን የጻፈውም እሱ ነው። ቤቱ ሙዚቃ የሞላበት ቤት ነው። ስለዚህ ልጅቷ ድምፅ እንዳላት ሲታወቅ ስቱዲዮ ለመግባት ሩቅ መንገድ አልሄደችም። የመጀመሪያ ዘፈኗ በሬዲዮ ሲሰማ ገና 16 ዓመት እየሞላት ነበር።

ከሁሉ በፊት ስሟን ቀየሩት። በወቅቱ ኢዛቤል ኦብሬ የምትባል የታወቀች ዘፋኝ ስለነበረች «ሁለት ኢዛቤል አይሆንም» ተባለና «ፍራንስ» ሆነች። ፍራንስና ጋል ሲገጣጠሙ ደግሞ የራግቢ ጨዋታ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ፈረንሳዮች ዌልስን «ጋል» ነው የሚሏት። እስቲ አስቡት፤ አንዲት ኮረዳ ስሟ ከአገር ለአገር ግጥሚያ ጋር ሲመሳሰል። እሷም ስሙን አልወደደችውም ነበር።

በ1964 አባቷ ግጥሙን የጻፈላት «ሳክሬ ሻርለማኝ» የተባለ ዘፈን ወጣ። ትምህርት ቤትን ፈጠረብን ተብሎ በሚታማው በጥንቱ ንጉሥ በሻርለማኝ ላይ የሚያጉረመርም የሕፃናት ዘፈን ነው። እሷ «የልጅ ዘፈን ነው፣ አልፈልግም» ብትልም ትልልቆቹ አሳመኗት። ዘፈኑ እንደ ጉድ ተሸጠ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ትልልቆቹ ልክ ነበሩ። በገበያው ልክ ነበሩ። ችግሩም የጀመረው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ አልፈልግም ያለችው ነገር ከተሸጠ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «አልፈልግም» ስትል ማን ይሰማታል?

የሰም አሻንጉሊት

እዚህ ላይ ሰርዥ ጌንስቡር ይመጣል። ልጅቷን ሲያገኛት በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ የነበረ፣ በቃላት መጫወት የተካነ፣ ግን ለራሱ ገና ብዙ አድማጭ ያላገኘ ሰው ነው። ችሎታውን ልክድ አልችልም። የፈረንሳይኛን ቃል እንደ ቅኔ ተማሪ ገልብጦ፣ ሰንጥቆ፣ አጣምሮ የሚጽፍ ሰው ነበር።

በ1965 ፍራንስ ጋል በዩሮቪዥን ውድድር ትንሿን ሉክሰምበርግን ወክላ ቀረበች። (አዎ፣ በዩሮቪዥን የሌላ አገር ዘፋኝ መላክ ይቻላል።) ማርች 20 ቀን፣ ጣሊያን ናፖሊ ከተማ፣ 18 አገሮች፣ ዕድሜዋ 17። ዘፈኑ የጌንስቡር ነው፤ ርዕሱ «ፑፔ ደ ሲር፣ ፑፔ ደ ሶን»። 32 ነጥብ አግኝታ አሸነፈች።

ርዕሱን ስተረጉመው ነው ከአልጋዬ ተነሥቼ የተቀመጥኩት። «ፑፔ ደ ሲር» ማለት የሰም አሻንጉሊት ማለት ነው። «ሶን» የሚለው ቃል ደግሞ በፈረንሳይኛ ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ ፍሩሽካ ነው፣ በድሮ ጊዜ አሻንጉሊት ይሞላበት የነበረው የእህል ገለባ። ሁለተኛው ድምፅ ነው። ስለዚህ «የሰም አሻንጉሊት፣ የፍሩሽካ አሻንጉሊት» እያለ በጎን «የድምፅ አሻንጉሊት» ይላል። ስለ ፍቅር የምትዘፍን፣ ፍቅርን ግን የማታውቅ አሻንጉሊት። ማለትም ልጅቷ በአደባባይ ስለ ራሷ እየዘፈነች ነው፤ አሻንጉሊት ነኝ እያለች ነው።

ወገን፣ ይሄ ሰምና ወርቅ አይደለም እንዴ? ለዚያውም በውስጡ «ሰም» የሚል ቃል ያለበት!

ትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረነዋል። ሰሙ ላይ ላዩ ነው፣ ወርቁ ውስጡ። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ያወጣል፣ በጭቃ ይመርገዋል፣ በእሳት ሲያጋየው ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፣ በቦታው ወርቁ ይገባል። ባለቅኔው ሁለቱንም ያውቃል። ሰሙን እያሳየ ወርቁን ይሰውራል፤ ሰሚው ፈልጎ ሲያገኘው ይደሰታል። ጨዋታው በሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው። ቅኔውን ተቀብላ የምታደርሰው ልጅ ግን ወርቁን ካልተነገራት፣ እሷ ምንድን ናት? ባለቅኔ አይደለችም። ሰሚም አይደለችም። እሷ ሰሙ ናት። ሰም ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ይቀልጣል።

ያን ምሽት ካሸነፈች በኋላ የሆነውን ራሷ ኋላ ላይ ተናግራለች። ያኔ የወንድ ጓደኛዋ ታዋቂው ዘፋኝ ክሎድ ፍራንሷ ነበር። የምሥራቹን ልትነግረው ስልክ ደወለች። እሱ ግን እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ይቅርና ዜማ ስተሻል ብሎ ጮኸባት። አውሮፓ ሁሉ እያየ ያለቀሰችው የደስታ ብቻ አልነበረም። ይኸው ሰው ግንኙነታቸው ከፈረሰ በኋላ በ1967 «ኮም ዳቢቱድ» የተባለ የመለያየት ዘፈን አወጣ፤ ዛሬ ዓለም በፍራንክ ሲናትራ ድምፅ «ማይ ዌይ» ብሎ የሚያውቀው ዜማ ነው። አያችሁ፣ የልጅቷ ዕንባ እንኳ የሌላ ሰው ዘፈን ሆኖ ተሸጠ።

ሎሊፖፑ

በ1966 ጌንስቡር «ሌ ሱሴት» የተባለ ዘፈን ሰጣት። ትርጉሙ «ሎሊፖፖቹ» ማለት ነው። ሰሙ፦ አኒ የምትባል ልጅ የአኒስ ጣዕም ያለው ሎሊፖፕ ትወዳለች፣ ሲያልቅባት እየሮጠች ሌላ ትገዛለች። ወርቁ፦ የአፍ ወሲብ። ከዚህ በላይ አላብራራም፤ ገብቷችኋል።

እሷ 18 ዓመቷ ነበር። ትርጉሙን አታውቅም። ደራሲው ያውቃል። ስቱዲዮው ውስጥ ያሉት ትልልቅ ሰዎች ያውቃሉ። ቪዲዮውን ያቀናበሩት ያውቃሉ። በቴሌቪዥን ስለ ምን እንደሆነ ስትጠየቅ ሎሊፖፕ ስለምትወድ ትንሽ ልጅ ነው ብላ በንጹህ ልቧ መለሰች። እሷ መልሱን ስትሰጥ ጠያቂው ያውቃል። ተመልካቹም ያውቃል። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ቀልዱም ያ ነበር። የዘፈኑ ቅኔ አይደለም ያሳቃቸው፤ የሳቁት አለማወቋን ነው።

ይህን ሳነብ የሰርጉ ድንኳን ትዝ አለኝ። ያ ሳቅ። ልጅቷ ድምጿን ስትጨምር የባሰው ሳቅ።

ፍራንስ ጋል እውነቱን ስታውቅ ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች፤ ሰው ማየት አልፈለገችም። ከዓመታት በኋላ በሰጠቻቸው ቃለ ምልልሶች ስለዚህ ነገር ስትናገር በዙሪያዋ በነበሩት ትልልቅ ሰዎች እንደተከዳች እንደተሰማት ገልጻለች። ልብ በሉ፣ ተሰደብኩ አይደለም ያለችው። ተከዳሁ ነው። የሚሳደብ ጠላት ነው። የሚከዳ ግን አጠገብህ ቆሞ እጅህን የያዘ ሰው ነው።

«ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች» ያሉት አጎቴ ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። ፍራንስ ጋል አልረሳችውም። የልጅ ልጅ በምታይበት ዕድሜም አልረሳችውም።

ኮምፒዩተር ቁጥር 3

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የብርድ ዓመታት ናቸው። ከጌንስቡር ጋር ያላት ሥራ ተቋረጠ። ፈረንሳይ ውስጥ ዘፈኖቿ እየቀዘቀዙ ሄዱ። ጀርመን አገር እየሄደች በጀርመንኛ መዝፈን ጀመረች። ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱ የ1968ቱ «ዴር ኮምፒዩተር ኑመር 3» ነው፤ «ኮምፒዩተር ቁጥር 3» ማለት ነው። ስለ ምን መሰላችሁ? ለአንዲት ልጅ የሚሆናትን ወንድ ስለሚመርጥላት ኮምፒዩተር! ስልካችሁ ላይ ፎቶ ወደ ቀኝ ወደ ግራ የምትገፉ ሁሉ፣ ከ50 ዓመት በፊት ተዘፍኖላችኋል።

ሳቅ ብዬ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ይሄም ያው ነው። ስሟን ሌላ ሰው መረጠላት፤ ዘፈኗን ሌላ ሰው መረጠላት፤ አሁን ደግሞ ፍቅረኛዋን ማሽን ስለሚመርጥላት ልጅ ትዘፍናለች። በ20 ዓመቷ ኮከብ ነበረች፣ በ25 ዓመቷ «ያለፈባት» ተባለች። ዛሬ አንድ ቪዲዮው ቫይራል የሆነ ልጅ በስድስት ወር የሚያልፍበትን መንገድ እሷ በስምንት ዓመት ሄደችበት።

«እዚህ ዘፈን ውስጥ እኔ አለሁ»

ለውጡ የመጣው ከሬዲዮ ነው። በ1973 ሚሼል ቤርዤ የተባለ ወጣት ፒያኖ ተጫዋችና የዜማ ደራሲ የዘፈነውን ሰማች። ያንን ድምፅ፣ ያንን አጻጻፍ ለራሷ ፈለገችው። ስታገኘው ስለ ዘፈኖቿ ሐሳቡን ጠየቀችው። እሱ መጀመሪያ ላይ እሺ አላለም፤ እሷ ግን አለቀቀችውም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማን እንዲጽፍላት እንደምትፈልግ ራሷ መረጠች።

በ1974 «ላ ዴክላራሲዮን ዳሙር» ወጣ፤ «የፍቅር መግለጫ» ማለት ነው። ያቺ የተረሳች ልጅ ተመልሳ መጣች። ድምጿ ግን ያ የሕፃን ድምፅ አልነበረም። በጁን 1976 ተጋቡ፣ ሁለት ልጆች ወለዱ። በ1979 ቤርዤ ከኩቤካዊው ሉክ ፕላሞንዶን ጋር የጻፈው «ስታርማኒያ» የተባለ የሮክ ኦፔራ ፓሪስ ላይ ሲታይ እሷ ክሪስታል የተባለችውን ገጸ ባሕርይ ሆና ተጫወተች። ከዚያ የመጡት ዘፈኖች ርዕሳቸው ብቻ ይናገራል። በ1981 «ሬዚስት»፤ «እምቢ በል፣ ታገል» እንደማለት ነው። በ1984 «ዴብራንሽ»፤ «ከሶኬቱ ንቀለው» ማለት ነው። ስማርትፎን ከመምጣቱ ሃያ ምናምን ዓመት በፊት!

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የልጅነት ዘፈኖቿን ተወቻቸው። ዩሮቪዥንን ያሸነፈችበትን ዘፈን፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ገንዘብ የሚያመጣውን፣ መድረክ ላይ አልዘፍንም አለች። ሰው «እባክሽ ያንን የድሮውን» ሲላት እምቢ አለች። በኛ አገር አንድ ዘፋኝ የታወቀበትን ዘፈን አልዘፍንም ቢል «ጠገበ» ይባላል። እሷ ግን የጠገበች አልነበረችም። ቃሉን አፌ ውስጥ ያስገባው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ማስወጣቱ የእኔ መብት ነው ማለቷ ነው። እንዲህ ብላ አልተናገረችም፤ እኔ ነኝ እንዲህ የማነበው።

የ77ቱ ድርቅ እና አንዲት ፕላስቲክ ሳህን

በ1985፣ በኛ አቆጣጠር በ77 መሆኑ ነው፣ አገራችን በረሃብ ስትቃጠል የእንግሊዝና የአሜሪካ ዘፋኞች ተሰባስበው መዝፈናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። የፈረንሳዮቹ ግን ብዙም አይወራም። ዘፋኙ ረኖ ግጥሙን ጽፎ፣ «ድንበር የለሽ ዘፋኞች» በሚል ስም ብዙ የፈረንሳይ አርቲስቶች ተሰብስበው አንድ ሸክላ አወጡ። ርዕሱ «ኢትዮጵያ» ነው። ገቢው «ድንበር የለሽ ሐኪሞች» ለተባለው የሕክምና ድርጅት ሄደ። ከዘፈኑት መካከል ፍራንስ ጋልና ሚሼል ቤርዤም አሉበት። እናቴ ስለ 77 ስታወራ ስንዴውንና ብርድ ልብሱን እንጂ ዘፈኑን ጠቅሳ አታውቅም። እኔም በዚህ ዕድሜዬ የሰማሁት ስለ ሎሊፖፕ እያነበብኩ ነው።

ባልና ሚስቱ እዚያ አላቆሙም። በዚያው ዓመት ከጓደኛቸው ከዘፋኙ ዳንኤል ባላቯን እና ከሌሎች ጋር ሆነው «አክሲዮን ኤኮል» የሚል ዘመቻ ጀመሩ፤ የፈረንሳይ ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ምግብ አሰባስበው ድርቅ ወደ መታቸው የአፍሪካ አገሮች የሚላክበት ነው። ባላቯን በጃንዋሪ 1986 ማሊ ውስጥ፣ ለመንደሮች የውሃ ፓምፕ ለማድረስ በሄደበት፣ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ።

ሴኔጋል ውስጥ ደግሞ ፍራንስ ጋል አንዲት ምስኪን ወጣት እናት አገኘች። ሴትየዋ ልጇን ማሳደግ ስላልቻለች «ውሰጂው» አለቻት። የሕፃኑ ስም ባባካር ነው። ልጁን መውሰድ አልቻለችም፤ ከሐሳቧም ልታወጣው አልቻለችም። ለእናትየው እርዳታ ተደረገላት፤ የ1987ቱ አልበምም በሕፃኑ ስም «ባባካር» ተብሎ ተሰየመ። «ኤላ ኤል ላ» የተባለው፣ ለጥቁር አሜሪካዊቷ የጃዝ ንግሥት ለኤላ ፊትዝጄራልድ የተዘፈነው፣ እዚያው አልበም ውስጥ ነው። ጀርመንና ኦስትሪያ ውስጥ የሰንጠረዡ አናት ላይ ወጣ። ያቺ ስለማታውቀው ነገር እንድትዘፍን የተደረገች ልጅ፣ 40 ዓመት ሲሞላት፣ ስለምታውቀውና ስለምታከብረው ሰው ዘፍና ዓለምን አስጨፈረች።

ዝምታውም የራሷ ነው

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም።

በጁን 1992 እሷና ባሏ አብረው የሠሩት «ዱብል ዡ» የተባለ አልበም ወጣ። ኦገስት 2 ቀን ሚሼል ቤርዤ ቴኒስ ተጫውቶ እንደገባ በልብ ድካም ሞተ። 44 ዓመቱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እሷ ላይ የጡት ካንሰር ተገኘ። ታከመች፤ በዚያው ዓመት መስከረም አካባቢ ፓሪስ በርሲ አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥታ፣ ሁለቱ ሊዘፍኑት የነበረውን ብቻዋን ዘፈነች።

ልጃቸው ፖሊን ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለ ሳንባን የሚጎዳ ከውልደት የሚመጣ በሽታ ነበረባት። ወላጆቿ ይህን ለዓመታት ከሰው ደብቀው ነው የኖሩት። በዲሴምበር 1997 ፖሊን በ19 ዓመቷ አረፈች። ከዚያ በኋላ ፍራንስ ጋል መዝፈን ተወች። የስንብት ኮንሰርት የለም፣ የስንብት አልበም የለም። ዝም አለች። ከዳካር ፊት ለፊት ባለችው ትንሿ የንጎር ደሴት ሴኔጋል ውስጥ ባላት ቤቷ ብዙ ጊዜዋን ታሳልፍ ጀመር።

የዛሬ ሰው ዝም ሲል «ምን ሆኖ ነው፣ ፖስት አያደርግም?» እንላለን። ዝምታ እንደ ሽንፈት ነው የሚቆጠረው። ግን በዚህች ሴት ሕይወት ውስጥ ሁለት ዝምታ አለ። አንደኛው በ1966 ቤት ዘግታ የተቀመጠችበት ነው፤ ያንን ሌሎች ናቸው የጫኑባት። ሁለተኛው የ1997ቱ ነው፤ ሐዘን ነው፣ ቢሆንም ራሷ የመረጠችው ነው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። አንድ አይደሉም።

ኋላ ላይ ግን በሌላ ሥራ ብቅ ብላ ነበር። በ2015 በሚሼል ቤርዤ ዘፈኖች ላይ የተመሠረተ «ሬዚስት» የተባለ ሙዚቃዊ ቲያትር ፓሪስ ላይ ተከፈተ። የጻፈችው ከአንድ ሙዚቀኛና የድምፅ ባለሙያ ጋር ነው፤ ሰውየው በሕይወቷ የመጨረሻዎቹ ዓመታትም አብሯት የኖረ ነው። ስሙን ሳነብ ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። ብሩክ ዳዊት። የክፍል ጓደኛዬ ስም ሊሆን ይችል ነበር እኮ! «ኢትዮጵያ» በተባለ ዘፈን ውስጥ ድምፅዋን ያዋጣች ሴት፣ የመጨረሻ ሥራዋን ብሩክ ከሚባል ሰው ጋር ሠራች።

ጃንዋሪ 7 ቀን 2018 በ70 ዓመቷ አረፈች። ፓሪስ ሞንማርትር መቃብር ውስጥ ከባሏና ከልጇ ጎን ተቀበረች።

ሼር ከማድረጋችን በፊት

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ሰምና ወርቅን አንተው፤ ቋንቋችን ያለሱ ምን ሊሆን። ደራሲዎችም ስለ ወሲብ አትጻፉ እያልኩ አይደለም፤ ትልቅ ሰው ለትልቅ ሰው የፈለገውን ይቀኝ። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቃሉን የሚሸከመው ሰው ወርቁን ያውቀዋል ወይ? ስልካችሁ ላይ የምታስቃችሁ ልጅ ስትመጣ፣ የምትስቁት በቀልዷ ነው ወይስ ባለማወቋ? በቀልዷ ከሆነ ሼር አድርጉላት፣ ደስ ይላታል። ባለማወቋ ከሆነ ግን እናንተም እኔም ስቱዲዮው ውስጥ ቆመው ዝም ካሉት ትልልቅ ሰዎች አንዱ ነን። ጌንስቡር አንድ ነበር። ዝም ያሉት ናቸው ብዙዎቹ።

ባለፈው እሁድ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ አሁን 17 ዓመቷ ነው። ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ የፍራንስ ጋልን ታሪክ ከመጀመሪያው ነገርኳት። ከዚያ «ያንን ቪዲዮ ስለለጠፍኩት ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

«አሁንም አለ?» አለችኝ።

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ያንተን ነው። ሌሎቹ ያወረዱትስ?»

መልስ አልነበረኝም። ሽንኩርቱን ጨርሳ ወደ ድስቱ ገለበጠችው። ማማሰያውን ይዛ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ትንሽ ቆየችና፦

«ያቺ ፈረንሳይዋ፣ ከሎሊፖፑ በኋላ እንደገና ሰው የሰማት ከስንት ዓመት በኋላ ነው አልክ?»

«ከስምንት ዓመት በኋላ።»

«እኔ ገና አራቴ ነው» አለች።